ያልታወቀው ዜጋ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ስለመባሉ

ቀን፦ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምንጨ ጥበብ ኮሌጅ
የአካዳሚክ ዲን ጽሕፈት ቤት
ቃሊቲ

ጉዳዩ፦ «የሥነ ጽሑፍና የጽሕፈት ክህሎት መግቢያ» በተሰኘው ትምህርት የገዛ ጽሑፌን ኮርጀሃል ተብዬ የተሰጠኝ «ኤፍ» እና የስንብት ውሳኔ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች አጥናፉ ሰቦቃ፣ ዕድሜዬ 56 ዓመት፣ አድራሻዬ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በኮሌጁ የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ከዚህ በታች የተመለከተውን አቤቱታ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። አቤቱታ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ የሚለውን ማስታወቂያ አይቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውን በደል በአንድ ገጽ ስጨርስ ኖሬያለሁ። የራሴ ሲሆን ግን አልበቃኝ ብሏልና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከአንድ የመንግሥት ግቢ በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ተክዬ፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ባለጉዳይ የሚነግረኝን ሰምቼ አቤቱታውን በእጄ እጽፍለታለሁ። ወሰኑ የተገፋበት፣ ፋይሉ የጠፋበት፣ በመታወቂያው ላይ የአባቱ ስም የተለወጠበት ሁሉ በእኔ እጅ «እኔ» ብሎ አመልክቷል። የሥራችን ደንብ አንድ ነው፤ ጸሐፊው ስሙን አያኖርም። ጽፌ ስጨርስ አነብለታለሁ፣ እስክሪብቶውን አቀብለዋለሁ፣ እሱ ይፈርማል። መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ለእኔ የሚቀረኝ የካርቦኑ ግልባጭ ነው፤ እሱንም በየዓመቱ አስሬ በካርቶን አስቀምጣለሁ።

2. ባለፈው ዓመት በዚሁ ግቢ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሌጅ ማስረጃ የሌለው፣ ወይም ቢያንስ በመማር ላይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የማያቀርብ ጸሐፊ በበሩ አካባቢ ጠረጴዛ መዘርጋት አይችልም ይላል። ማስታወቂያው በቅጡ ስላልተጻፈ ባለጉዳዮች ምን ለማለት እንደተፈለገ የሚጠይቁት እኔን ነበር። «እኔ እንድነሣ ነው» እያልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳስረዳ ሰነበትኩ። ከዚያ መጥቼ ተመዘገብኩ። ዛሬ ኮሌጁ ካሰናበተኝ ደብዳቤውን አላገኝም፤ ደብዳቤውን ካላገኘሁ ጠረጴዛዬ ይነሣል። የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው።

3. ስለ ትምህርቱ ክፉ ለመናገር አልመጣሁም። የምንማረው ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መምህራችን አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ መኪናው ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መምህር ዘአማኑኤል በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ሰው አክባሪ ናቸው፣ እኔንም «አባቴ» እያሉ ነው በኩረጃ የከሰሱኝ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት «አትንገሩ፣ አሳዩ» የሚል ነበር። ጥሩ ጸሐፊ ሴትየዋ አዘነች አይልም፣ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠመዝዝ ያሳያል ተባልን። እጄን አውጥቼ፣ እኔ ለሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ የማስገባላቸው ኃላፊዎች ነጠላ መጠምዘዙን ትተህ ባጭሩ ምን እንደምትፈልግ ንገረን ነው የሚሉኝ ብዬ ተናገርኩ። መምህሩ፣ «እሱ ጽሕፈት ነው አባቴ፤ ይኼ ሥነ ጽሑፍ ነው» አሉኝ። ልዩነቱን በደብተሬ መዝግቤአለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የፍቅር ደብዳቤ ጻፉ ተባለ። እኔም ለባለቤቴ ለመሰለች ጻፍኩ። እጄ በለመደው ሄዶ «ጉዳዩ፦ ፍቅርን ይመለከታል» ብዬ መጀመሬን፣ ከታችም ለአባቷ ግልባጭ ማድረጌን አልክድም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቤት ወስጄ ሳነብላት ግን መሰለች አልሳቀችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገባችው። ከአሥር ሦስት ነው የተሰጠኝ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ቱሉ ዲምቱ ሱቅ ያላት መርዋ ሀይረዲን ናት። «ጋሼ አጥናፉ፣ እርስዎ እኮ ሲያፈቅሩም ማህተም ይፈልጋሉ» ብላኛለች። ከኋላችን የምትቀመጠው ሉላ ደግሞ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ሙሉ ፈረቃ ቆማ ውላ ስለምትመጣ ጭንቅላቷን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ነው የምትማረው። ድርሰቷን ስልኳ ጻፈላት። ድርሰቱ በባሕር ዳርቻ ቆማ የማዕበሉን ድምፅ እየሰማች ያለፈ ልጅነቷን ስለምታስታውስ ልጅ ነው። ሉላ እስከ ዛሬ ያየችው ትልቁ ውኃ የአቃቂ ወንዝ ነው፤ ሽታውን የተከበረው ጽ/ቤትዎ ያውቀዋል። «ኤ» ተሰጣት፤ ዳር ላይም «ከልብ የመነጨ» ተብሎ ተጻፈላት። ሉላን ለመክሰስ አይደለም፤ እንቅልፏን ያገኘችበት መንገድ ነውና ደስ ብሎኛል። የምለው፣ ያልኖረችውን የጻፈላት ማሽን «ከልብ» ተብሎ የኖርኩትን የጻፍኩት እኔ ሌባ የተባልኩበት ምክንያት እንዲብራራልኝ ነው።

4. የመጨረሻው የቤት ሥራ «በሕይወቴ የማልረሳው ቀን» የሚል ነበር። እኔ የጻፍኩት ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ወ/ሮ ጠጄ ፈርዶሳ ወደ ጠረጴዛዬ ስለመጡበት ቀን ነው። ባለቤታቸው አቶ ቀናው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የቀበሌ ቤታቸው በሟች ስም ስለነበር ወደ ራሳቸው እንዲዞርላቸው ሲጠይቁ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ ጽ/ቤት፣ «ባለቤትዎ በአካል ቀርበው ይስማሙና ይፈርሙ» ይላቸዋል። የሞት ምስክር ወረቀት ሲያቀርቡ፣ እሱም ይያያዝ፣ ባለቤትዎም ይቅረቡ ተባሉ። ያን ቀን በእሳቸው ስም ከጻፍኩት ማመልከቻ ውስጥ ይህን ዓረፍተ ነገር በድርሰቴ አስገብቼዋለሁ፦

«ባለቤቴ በአካል ቀርበው ይፈርሙ በተባለው መሠረት መቃብራቸው ድረስ ሄጄ ነግሬአቸዋለሁ፤ እስካሁን ግን አልመጡም።»

ማመልከቻው በገባ በአራተኛው ወር ቤቱ በወ/ሮ ጠጄ ስም ዞረ።

5. ድርሰቴ በቀይ ተሰርዞ ተመለሰልኝ። «ከሞጁሉ ገጽ 47 ቃል በቃል የተኮረጀ» ይላል። ሞጁሉ እስከ ገጽ 40 ብቻ ነበር የታደለን፤ የቀረው የፎቶ ኮፒው ማሽን ስለተበላሸ የደረሰን ድርሰቱን ካስረከብን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ገጽ 47ን የዚያን ቀን አወጣሁት። «የምጸት ናሙና» ከሚል ርዕስ ሥር የወ/ሮ ጠጄ ማመልከቻ ሙሉውን ታትሟል። ስማቸው ወጥቶ ነጥብ ነጥብ ገብቶበታል። ከግርጌው «ጸሐፊ፦ ያልታወቀ ዜጋ» ይላል። እንደሰማሁት ያኔ ከጽ/ቤቱ ሠራተኞች አንዱ በስልኩ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት፣ ዓመታት ሲዞር ቆይቶ ነው ኮሌጁ የደረሰው።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። መርዋ ገና ምሳ አለመብላቷን ረስቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። መምህሩ ስለ ምጸት ሲያስተምሩ በክፍል ባነበቡት ጊዜም ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

6. በማጠቃለያ ፈተናው ላይ ይኸው ዓረፍተ ነገር መጣ። «ጸሐፊው በዚህ አገላለጽ ምን ማለቱ ነው?» ይላል፤ አሥር ነጥብ። እኔም «ሌላ ምንም ማለቱ አይደለም። ሴትየዋ በእውነት መቃብሩ ድረስ ሄደው ነግረዋቸዋል» ብዬ መለስኩ። ከአሥር ሁለት አገኘሁ። ዳር ላይ «የጸሐፊውን ሐሳብ አልተረዱም» ተብሎ ተጽፎብኛል። ወረቀቱ በአባሪነት ቀርቧል።

7. ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ሦስት ሆኖ ተቀምጦ ሰማኝ፤ በትሕትና ነበር የሰማኝ። ያልታደለኝን ገጽ እንዴት እኮርጃለሁ ብዬ ስጠይቅ፣ «ከሌላ ቦታ አግኝተውት ይሆናል» አሉኝ። በእርግጥ ከሌላ ቦታ ነው ያገኘሁት፤ ከራሴ። የ2004ን ካርቶን ፈትቼ ግልባጩን አቀረብኩ። ካርቦኑ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ኮሚቴው አገላብጦ ካየው በኋላ፣ ከሥሩ ያለው የወ/ሮ ጠጄ የጣት አሻራ ስለሆነ የእርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም አለኝ። የእጅ ጽሑፌን ከድርሰቴ ጋር አስተያዩት ስል፣ የእጅ ጽሑፍ መመርመር የኮሚቴው ሥልጣን አይደለም ተባልኩ። እስከዚህ ድረስ አልተከፋሁም፤ ቢሮ እንዲህ ነው።

ከዚያ ግን ሰኔ 24 ቀን የተጻፈ ውሳኔ ደረሰኝ። ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፤ ጥቅሱን ኩረጃ እንዳይሉብኝም ከወዲሁ አሳስባለሁ። «የጽሑፉ ባለቤት የሆነው ያልታወቀ ዜጋ እስከ ሐምሌ 5 ቀን በአካል ቀርቦ ባለቤትነቱን በፊርማው ካላረጋገጠ ተማሪው የተሰናበቱ ይሆናሉ።»

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በወ/ሮ ጠጄ ስም የጻፍኩለት ጽ/ቤት ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። መምህሩ ምጸት ብለው ያስተማሩበትን ገጽ የኮሚቴው አባላት አላነበቡትም፣ ወይም አንብበው መመሪያ አድርገውታል። የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ሥልጣን የለኝም።

8. ባለፈው እሑድ ክፍል ቀርቼ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። ወ/ሮ ጠጄ አሁን ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ደረጃ መውረድ ስለማይችሉ ለምስክርነት ላመጣቸው አልቻልኩም። ገጽ 47ን ከፍቼ አነበብኩላቸው። ለተማሪዎች የምጸት ናሙና ሆኖ እንደሚሰጥ፣ ክፍሉም እንደሳቀበት ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን፦

«እኔ አልቅሼ ነው የነገርኩህ። ሰው እንዲስቅበት ያደረግከው አንተ ነህ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ያን ቀን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ «ሄጄ ነገርኩት እኮ፣ አልመጣም» ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ «በተባለው መሠረት» የሚለውን ጨመርኩ፣ ልቅሶውን አወጣሁት። ከመውጣቴ በፊት ግን እጄን ያዙና እንዲህ አሉ፦ «አይክፋህ። ልቅሶዬንማ ሦስት ዓመት አይተውት ምን አደረጉልኝ? ቤቴን የሰጠኝ ያንተው ነው። ሂድና ንገራቸው፣ የጻፍከው አንተ ነህ።»

ስለዚህ ለተከበረው ጽ/ቤት እውነቱን አስተካክዬ አስመዘግባለሁ፤ ንግግሩ የወ/ሮ ጠጄ ነው፣ ጽሑፉ የእኔ ነው። ከሁለታችን ውጪ ሦስተኛ ሰው የለበትም።

9. ከዚህ በላይ በተዘረዘረው መሠረት፦

ሀ) በድርሰቱ ላይ የተሰጠኝ «ኤፍ» ተነሥቶ ጽሑፌ እንደ ጽሑፍ እንዲታረምልኝ፤ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ደካማ ነው ተብዬ እንድወድቅ፤

ለ) የስንብቱ ውሳኔ ተሽሮ ተማሪነቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመስከረም በፊት እንዲጻፍልኝ፤ መጻፉ ለጽ/ቤቱ የሥራ ጫና ከሆነ እኔው አርቅቄ ላቀርበው ፈቃደኛ መሆኔ እንዲታወቅልኝ፤

ሐ) በገጽ 47 ላይ ስላለው ዓረፍተ ነገር ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ሲነገር፣ ሴትየዋ በእውነት ሄደው እንደነበር አብሮ እንዲነገር፤

እንዲወሰንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የፈተናው ስምንት ነጥብ ቢቀርም ግድ የለኝም።

10. የኮሚቴውን የመጨረሻ ጥያቄ በተመለከተ፦ በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት ከጻፍኩት ወረቀት ሁሉ ሥር የሌላ ሰው ስም ነው ያለው። ይህን ጽፌ ስጨርስ እስክሪብቶውን የማቀብለው ሰው ፈልጌ ቀና ማለቴን አልደብቅም፤ ጠረጴዛው ማዶ ማንም አልነበረም። ያልታወቀው ዜጋ በአካል ቀርቦ ይፈርም በተባለው መሠረት ነግሬዋለሁ። መጥቷል።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አጥናፉ ሰቦቃ
የዚህም የዚያኛውም ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ጠጄ ፈርዶሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ልጃቸው እንድታነብላቸው