መከለያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ

እኔ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሰው በርና መስኮት ላይ መስታወት ስገጥም የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ፈቃዴን እናገራለሁ። ጸሐፊው ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ነው፤ ቃሌን ሳያሳምር እንዲጽፍ አደራ ብዬዋለሁ።

የምኖርባት ቤት ለሴት ልጄ ትሁን። ሰባት ዓመት አስታማኛለች፤ “አባዬ፣ እንዴት አደርክ?” ሳትለኝ ሥራ ሄዳ አታውቅም።

የመስታወት መቁረጫዎቼ ለታናሽ ወንድሜ ይሰጡ። ደንዝዘዋል እያለ ሲያማኝ ኖሯል፤ እንግዲህ ራሱ ይሳላቸው።

የዓሣ ገንዳው ከነዓሣዎቹ ለሟቹ ልጄ ሚስት፣ ለልብስ ሰፊዋ ምራቴ ይሁን። ይኸው በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ለምን እንዳስጠራኋት አታውቅም።

ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሲክሊድ የሚባሉትን ቁጡ ዓሣዎች ያረባ ነበር፤ ገንዳውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ወንዱን “ሻምበል”፣ ሴቷን “እመቤት” ብሎ ሰይሟቸዋል። ሻምበል ውሃው ውስጥ የገባ እጅ ይነክሳል፤ ሴቷም ዕንቁላል ለመጣል ካልደረሰች አሳዶ ይገድላታል። ስለዚህ ልጄ በመስታወት መከለያ ለያያቸው፤ እየተያዩ እንዲላመዱ። ሁለት ዓመት ጠብቆ የእመቤት ሆድ ሲሞላ፣ እሱ ታሞ ሆስፒታል ገባ። “መከለያውን እንዳትነኩት” ብሎ ለእኔም ለሚስቱም አደራ አለ።

አንድ ቀን መከለያው መስታወት አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሶ አየሁትና፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ላጥበው አወጣሁት። ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። “ቶሎ ይምጡ” ሲሉኝ መከለያውን ቦታው ሳልመልስ ሮጥኩ። ስመለስ እመቤት ክንፏ ተበጫጭቆ ውሃው ላይ ተንሳፍፋለች።

በማግሥቱ ልጄ፣ “እመቤት እንዴት ናት?” አለኝ።

“ሞተች።”

“መከለያውን ማን አወጣው?”

ምላሴ ቀደመኝና “ሚስትህ” አልኩት። ሲድን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።

አልዳነም። ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረባት፤ ይዛለት የመጣችውን ሾርባ አልቀምስም አለ። እሷ ኮሪደሩ ላይ፣ “አባባ፣ ምን አድርጌው ነው?” ስትለኝ፣ “ሕመሙ ነው፣ ልጄ” አልኳት። በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ “ጥራልኝ” አለኝ፤ ሚስቱን ነው። ከተነጋገሩ ውሸቴ ሊወጣ ነው። “ሥራ ሄዳለች” አልኩት። እሷንም “ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው” አልኳት። ከበሩ ማዶ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበረች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ዐረፈ።

ይህ ከሆነ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈው። ለሻምበል ሌላ ሴት ፈልጌ፣ የልጄን ጅምር ጨረስኩለት፤ አሁን ገንዳው ውስጥ ያሉት የሻምበል የልጅ ልጆች ናቸው። ምራቴ ሆይ፣ እጅሽን ውሃው ውስጥ ስትከቺ ተጠንቀቂ። ይቅርታ አልለምንሽም፤ በምን አፌ?

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ፣ “ይህንስ ብንተወው?” አለ።

ምራቴ፣ “ይጻፍ፤ አንድም ቃል እንዳይቀር” አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ “ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባሌ ጠልቶኝ እንደ ሞተ ነው የማውቀው። እውነት ጠርቶኛል? ምን ብሎ?” አለችኝ።

“‘ዐይኔን ጥራልኝ’ ነው ያለው።”

እሱ ብቻ ነበር እንደዚያ የሚጠራት። ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች። ከዚህ በኋላ የምጨምረው ቃል የለኝም።

ኑዛዜው ለተናዛዡና ለምስክሮቹ ከተነበበ በኋላ፣ ተናዛዡ በጣት አሻራቸው አጽንተዋል። ምስክሮች፦ ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ታክሲ ነጂውና እኔ ጸሐፊው ፈርመናል። ምራታቸውም ብዕሩን ጠየቀች። ወራሽ ምስክር እንደማይሆን ብነግራትም፣ “ዐይኔን ጥራልኝ” ከሚለው መስመር ትይዩ፣ በኅዳጉ ላይ ፈረመች።