ባለ ሣር ክዳኗ ትንሽ ቤትና አናጺው አቶ ገነነ ወልደገብርኤል

አቶ ገነነ ወልደገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል እምሩ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ከበደ በ፲፰፻፸፮ ዓ.ም. በሶዶ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከደብሩ መሪጌታ ተምረው፣ ገና ጺማቸው ሳያቀመቅም አዲስ አበባ ገቡ። አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ከአንድ ህንድ አናጺ ዘንድ ጣሪያ መምታትና ቀለም መቀባት ለመዱ። የስንቱን ነጋዴ ሰገነትና ቆርቆሮ የሠሩ፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ ሰው ነበሩ።

በ፲፰፻፺፱ ዓ.ም. ወይዘሮ አባይነሽ ከተማን በቁርባን አግብተው ልጃቸውን አክበረትን ወለዱ። ቤታቸው ግን የሣር ክዳን ነበር። ወይዘሮ አባይነሽ በጋ በመጣ ቁጥር “እኛስ መቼ ነው ቆርቆሮ የምናየው?” ሲሉ፣ አቶ ገነነ “ይህችን ሥራ ልጨርስና” ይሉ ነበር። ሥራው አላልቅ አለ።

በየካቲት ፲፱፻፰ ዓ.ም. ከጎረቤት የተነሣ እሳት በነፋስ መጥቶ ሣሩን ያዘው። አቶ ገነነ ያን ሰዓት የሰው ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ይመቱ ነበር፤ ጭሱንም ያዩት እዚያው ላይ ሆነው ነው። ሮጠው ሲደርሱ ክዳኑ ባለቤታቸው ላይ ወርዶ ነበር። ልጂቱ አክስቷ ዘንድ ስለነበረች ተረፈች።

በአርባው ለቅሶ ላይ እንደ ወጉ የሟች ልብስና ዕቃ አደባባይ ይወጣል። ከወይዘሮ አባይነሽ ግን ነጠላ እንኳ አልተረፈም። ስለዚህ አቶ ገነነ የተቃጠለውን ቤት አስመስለው ክንድ የምታህል ቤት ከእንጨት ሠሩ። የመስኮቷ ቀለም አስቸገራቸው። ወይዘሮ አባይነሽ ከሥራ የሚመጣላቸውን ትርፍራፊ ሰማያዊ ቀለም በኖራ እያበረከቱ ራሳቸው ይቀቡት ስለነበር ልኩን የሚያውቅ የለም። አቶ ገነነ እየቀቡ ለጎረቤት ሴቶች ያሳያሉ። ሴቶቹ “ኧረ የሷስ ነጣ ይላል” ይሏቸዋል። ይፍቃሉ፤ ኖራ ይጨምራሉ፤ እንደገና ይቀባሉ። አንድ ቀን ሴቶቹ አይተው ማልቀስ ሲጀምሩ ቀለሙ እንደገጠመ ዐወቁ።

ጣሪያው ሲቀር የሟች እኅት ወይዘሮ ሰርክአዲስ “እባክዎ ቆርቆሮ ያልብሱላት፤ ሰው ፊት እንኳ ይድረሳት” አሏቸው። ብዙ ሰውም ይህንኑ መከረ፤ ምክር መቼም አይቸግርም። አቶ ገነነ ግን “በቁሟ ያላለበስኩላትን አሁን ላልብስላት?” ብለው ሣር አጭደው፣ ጠርዙን እንደ ቀድሞው አስተካክለው ከደኑ። ያቺን ቤት ተሸክመው ለቀስተኛው መሐል ሲገቡ በአራዳ ያልጮኸ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ቤት ግድግዳው ሳይመረግ በቆርቆሮ ተከደነ። ሌላ ሚስት አላገቡም፤ ልጃቸውን አሳድገው ዳሩ። ክረምት ሲገባ ግን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ይቆማሉ። ልጃቸው “አባባ፣ ኧረ ይግቡ” ስትላቸው “እናትሽ ያልገባችበት ነው” ይሏት ነበር። በዚሁ ብርድ ሳምባቸው ተጎድቶ፣ ብዙ ሲሣቀዩ ቆይተው፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ።

አቶ ገነነ የአንዲት ልጅ አባት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ ደጅ አታቁማቸው፤ ባለቤታቸው ካሉበት አስገባቸው። አሜን።