በሰሃኑ ጠርዝ ላይ የቼሪ ዘር

ኪዩስተንዲል፣ ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን

ውድ ልጄ ቢሊያና፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ቼሪው ዘንድሮ ቀድሞ ቀላ።

ባለፈው ቅዳሜ ሶፊያ መጥቼ ነበር። ስለ ምስለ ችሎት ውድድራችሁ የነገረችኝ አክስትሽ ናት። በር ላይ የቆመችው ልጅ "አባባ፣ የማን ወገን ነዎት?" ስትለኝ ስምሽን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። "እንዳይናገሩ!" አለች ደንግጣ። "ዳኞቹ ቡድኖቹን የሚያውቁት በቁጥር ብቻ ነው። ከሰሙ ልጆቹ ይቀጣሉ።" ስለዚህ የማንም አባት ሳልሆን ከኋላ ተቀመጥኩ። አንቺ ቁጥር አሥራ አራት ነበርሽ።

ጠዋት፣ በዋጋ ተመሳጥረዋል ለተባሉት የዱቄት ነጋዴዎች ጠበቃ ሆነሽ ቆምሽ። ደስ አለኝ፤ ለእኔ የምትከራከሪ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ዕጣው ዞረና ከሳሽ ሆንሽ። ሽበታሙ ዳኛ "ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ፤ ታዲያ በምን ተስማሙ?" ብሎ አፋጠጠሽ።

እንዲህ አልሽው፦ "ክቡር ዳኛ፣ ሰሃንም ይናገራል። አምስት ቼሪ ገዢዎች አብረው ምሳ በሉ እንበል። አንዱ የበላውን ዘር በሰሃኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል፤ ሌሎቹ ቆጥረው ያንኑ ያህል ይደረድራሉ። በነጋታው ገበሬው በአምስቱም በር የሚሰማው ዋጋ አንድ ነው፤ የዘሩ ቁጥር።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በስድስት ዓመትሽ፣ በእኛ በአምስቱ ቼሪ ገዢዎች ምሳ ላይ፣ ጭኔ ላይ ተቀምጠሽ ዘሩን ጮክ ብለሽ ስትቆጥሪ፣ ቦግዳን "ስታመን፣ የዚችን ምላስ ያዝልን እንጂ!" ያለው ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ቤት ያልመጣሽው ትምህርት በዝቶብሽ እንደሆነ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ አልልም።

ስትወጡ በአጠገቤ አለፍሽ፤ ከጓደኞችሽ ጋር ትስቂ ነበር። እጄን ላነሳ አልኩና ቁጥርሽን አሰብኩ፤ ውጤቱ ገና አልተነገረም። በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ዛሬ የምሳችን ቀን ነበር። ሰሃኔን ገለበጥኩት።

"ምነው ስታመን፣ ጥርስህን አመመህ?" አለ ቦግዳን።

"ዋጋዬ በራፌ ላይ ተጽፏል። ሄደህ አንብብ።"

"ብቻህን ትቀራለህ፣ አንተ ሽማግሌ!"

ለእኔ አዲስ ነገር መስሎታል።

ጻድቅ ሆነ እንዳትዪኝ። ከአምስት በር አንዱ ከፍ አድርጎ ሲከፍል ገበሬው ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጋሪው እስከ ድልድዩ ተሰልፎ ነበር። ሰላምታ የሰጠኝ ነጋዴ ግን የለም።

አሸነፋችሁ ወይ? ከአንቺ ልስማው ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም።

እግዚአብሔር አንደበትሽን ይባርክልሽ፤ የቆምሽበት ሁሉ ይቅናሽ። ከጓሮ ያለውን የእናትሽን ዛፍ አላስለቀምኩትም። ብትመጪ ከሥሩ ቁጭ ብለን እንበላለን፤ ዘሩን ወደፈለግሽበት ትፊው፣ ማንም አይቆጥርም።

አባትሽ ስታመን