ከጋሽ ሰይድ መስኮት ሥር

ሰኞ

ርዕሰ መምህራችን አቶ ይማም ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ከዛሬ ጀምሮ የተማሪዎች አማካሪ አንቺ ነሽ አለኝ። ባዮሎጂውስ? እሱም ያው። የአሥራ አንደኞቹስ? እነሱም። ልጣላው ፈልጌ ነበር። ግን እሱ ራሱ ጂኦግራፊ ተምሮ የመጣ ሰውዬ ፊዚክስ እያስተማረ ነው፤ ምን እለዋለሁ? የሂሳብ አስተማሪ ከጠፋማ ከርሟል። ልጆቹ በሂሳብ ሰዓት ባዶ ሰሌዳ ላይ አፍጥጠው ይቀመጣሉ።

የአማካሪ ክፍሏ የቀድሞው አማካሪ የጋሽ ሰይድ ነበረች። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ የስኳር መርፌያቸውን አጥተው ሞቱ። በቦታቸው ማንም አልተቀጠረም። አላህ ይዘንላቸውና፣ ተማሪን ፊት ለፊት አያናግሩም ነበር። ልጁ ውጭ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ እሳቸው ውስጥ ሆነው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ያዳምጣሉ። ማን እንደሆነ አይጠይቁም። ቆቦ ውስጥ አንዲት ልጅ አማካሪ ቢሮ ስትገባ ከታየች፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ወንበራቸው አሁንም ጀርባውን ለመስኮቱ እንደሰጠ ነው። አልወደድኩትም። ላዞረውም አልደፈርኩም።

ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ፈተና ላርም እዚያች ክፍል ገብቼ ነበር። ከመስኮቱ አንዱ መስታወት የለም። ከሥሩ ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያ የሴት ልጅ ድምፅ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሼ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የምታናግረው የሞተ ሰው ነው። እንደሞቱም ታውቃለች፤ ብቻ የለመደችው ነገር እንደሆነ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ሐሙስ ከጓደኛዋ ጋር ልትሄድ ነው። ደላላው ጎብዬ ከተማ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያ በአፋር አድርገው ወደ ባሕሩ፣ ወደ ዓረብ አገር። ሂሳብ ሳትማር ምን ልትፈተን? እቤት ደግሞ መማርሽ ምን ፈየደ ይሏታል። ይህን ሁሉ ቀስ እያለች አወራችና «ሳልሰናበትዎ መሄድ ከፍቶኝ ነው፤ አላህ ይዘንልዎ» አለች።

ምን ነካኝ? ዝም ብዬ በጓሮ ብዞር አገኛት ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወንበር ሳልነሳ «አትሂጂ» አልኩ።

ጩኸቷ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ሮጬ ስወጣ የሰማያዊ ዩኒፎርም ጫፍ ጥግ ላይ ሲጠፋ አየሁ። ሁሉም ሰማያዊ ነው የሚለብሱት።

ረቡዕ

ግቢው በሙሉ ጋሽ ሰይድ ተናገሩ ይላል። ያውም በሴት ድምፅ! የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ለአውሊያ እንደሚደረገው፣ እፍኝ ለምለም ሣር ተቀምጦ አገኘሁ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ለአቶ ይማም ነገርኩት። ስም ስጪኝና ወላጅ ላስጠራ አለ። ስም ከየት አባቴ ላምጣ? አሥራ ሁለተኞቹ ክፍል ገብቼ ድምፅዋን ብለየው ብዬ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያስነሳሁ አስነበብኳቸው። አንዷ ጉንፋን ይዟታል፣ አንዷ ታንሾካሹካለች፣ ግማሾቹ እንደ ጂኒ ያዩኛል። አላገኘኋትም።

ከሰዓት ወንበሩ ላይ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ውጭ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ጋሽ ሰይድ አይደለሁም፣ የባዮሎጂዋ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። ስምሽን አልጠይቅም፣ እቤትሽም አልናገርም፣ ሂሳቡን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምንም አብረን እንሠራዋለን፤ ብቻ ነገ አትሂጂ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፈለፍኩ። አንድ ጊዜ ጠጠር ሲረገጥ የሰማሁ መሰለኝ። ፍየልም ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ

አላስቻለኝም። በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ጎብዬ ወረድኩ። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ያለፈችውን ልጅ ሁሉ ፊት ፊቷን አያለሁ። ፊቷን የማውቀው ይመስል! ሁለት ሆነው ከሚሄዱት የአንዷን ክንድ ያዝኩ። በርበሬ ልታስፈጭ የመጣች ናት፤ ስድቧን ጠጥቼ ተመለስኩ። ድምፁ የእሷ አልነበረም።

እኔ እዚያ ስንከራተት የእኔ ክፍል ያለ አስተማሪ ዋለ። አቶ ይማም ተቆጣኝ፤ እውነቱን ነው። እራት አልበላ አለኝ።

ዓርብ

አልሄደችም!

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጥያቄ ያለው ስል ከኋላ አንዲት እጇን አወጣች። ገና «ቲቸር» ስትል አወቅኳት። ሰዓዳ ትባላለች። ረቡዕ ዕለት ድምፅዋን ቀይራ ነው ያነበበችልኝ፣ ጉንፋናሟ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የጠየቀችኝን መለስኩላት፤ ምን ብዬ እንደመለስኩ ግን እንጃ።

በእረፍት ሰዓት ራሷ መጣች። በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ፣ ሰው እያያት። ረቡዕ ሁሉንም ሰምታኛለች። ተመስገን ብዬ ላቅፋት ስል ገፋ አደረገችኝ። ጓደኛዋ ትርንጎ ብቻዋን ሄዳለች።

«ለመንኳት፣ እሺ አላለችም። እሷ እኮ መስኮቱ ጋ መጥታ አታውቅም፣ ቲቸር።»

እቤት አልናገርም ያልኩት ለሰዓዳ እንጂ ለትርንጎ አይደለም፤ ሄጄ ነገርኩ። አቶ ይማም ወዲያው ለትርንጎ አባት ደወለ። ሰውየው ማሳ ላይ ነበሩ፤ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወደ አፋር፣ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ተነሥተዋል። የልጅቷ ስልክ አይሠራም።

ሰዓዳን ትርንጎ ምን ለብሳ ወጣች አልኳት። አረንጓዴ ሻርፕ አለችኝ።

ትናንት ጎብዬ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ፌስታል ይዛ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አይታኛለች፤ የሆነ ነገር ልትለኝም የፈለገች መስሎኝ ነበር። የምፈልገው ሁለት ልጆች ነው ብዬ አለፍኳት።