የዕድራችን መኪና በምን ይሂድ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ገፋነው። ጥቁር ለብሰን፣ ሬሳው ውስጡ እያለ፣ የዕድራችንን ሚኒባስ አቀበቱ ላይ ገፋነው። ወንዶቹ ከኋላ፣ እኛ ሴቶቹ ከጎን። ቀባሪው ቤተክርስቲያን የደረሰው እያለከለከ ነው። የሟች ልጅ ዞር ብላ ያየችኝ አስተያየት አሁንም ከፊቴ አልጠፋም። የዕድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ይመስላታል። አልፈርድባትም።

ከመቆሙ በፊት ደግሞ ጭሱ! ከኋላው የሚሄድ ለቀስተኛ ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ይዞ ነው የሚሸኘው።

ከቀብር መልስ ኮሚቴው ልብስ ስፌት ቤቴ ተሰበሰበ። አራት ነን። ዳኛችን ጋሼ ተሰማ፣ ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ የጨረሱ ሰው። ብርሃኑ፣ የመብራት ሠራተኛው። እትዬ ዘርፌ፣ ቤታቸው ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ አጠገብ የሆነው። እና እኔ። ሚኒባሱ አብቅቶለታል፤ እዚህ ላይ ተስማማን። ከዚያ ወዲያ በምንም አልተስማማንም። አዲስ የነዳጅ መኪና ከውጭ መግባት ከቀረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ወይ ብዙ ዓመት የተነዳ ናፍጣ፣ ወይ አዲስ ኤሌክትሪክ። እኔ ኤሌክትሪክ አልኩ። ጋሼ ተሰማ ሳቁብኝ።

«አስናቀች፣ ሬሳ ጭነሽ መብራት እስኪመጣ ልትጠብቂ ነው?»

እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። እስከዚያ ሁለቱንም አይተን ሪፖርት ማቅረብ አለብን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

መኪና መሸጫው ሄድን። ነጭ ሚኒባስ፤ ወንበሩ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ሻጩ ከረባት ያሰረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ዘይት ቅያሪ የለ፣ አካባቢ የማይበክል አረንጓዴ መኪና ነው እያለ አዞረን። ጋሼ ተሰማ ኮፈኑን አስከፍተው አጎንብሰው ቆዩ። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ለአፍታ አሳዘኑኝ። ወዲያው ግን ጥያቄውን ጀመሩ። በአንድ ቻርጅ የት ድረስ ይሄዳል? አቀበት ላይስ? ሰው ከነድንኳኑ ሲጫንስ? ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?

«ባለሙያ አለን» አለ ሻጩ።

«ስንት?»

«ለጊዜው አንድ።»

ጋሼ ተሰማ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ጠላኋት።

እኔም መልስ አላጣሁም። መብራታችን ከገዛ ውኃችን ነው፤ ናፍጣው ግን በዶላር ተገዝቶ፣ ከወደብ በቦቴ ተጭኖ መጥቶ እኛው ላይ ይጨሳል። ይህን ስላቸው ኮፈኑን ዘጉት። ትንሽ ድል።

ድሏን እትዬ ዘርፌ ነጠቁኝ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ቆሼ ላይ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው ነው፤ ከተማው የጣለው ነገር ሁሉ መጨረሻው የት እንደሆነ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቃሉ። ሻጩን ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ይኼ ባትሪ ሲሞት የት ነው የሚቀበረው?»

«እማማ፣ የብዙ ዓመት ዋስትና አለው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ከዋስትናው በኋላ የት ይሄዳል?»

«ድርጅቱ ይረከባል መሰለኝ።»

«መሰለኝን ጽፈህ ስጠኝ።»

አልሰጣቸውም። በታክሲ ስንመለስ፣ ሰዎች አሮጌ ባትሪ በድንጋይ ሰብረው እርሳሱን ሲያወጡ አሲዱ የጓደኛቸውን እጅ እንዴት እንዳቃጠለው ነገሩኝ። ይኼኛው ሌላ ዓይነት ነው ልላቸው አልኩና ተውኩት። ምን ዓይነት እንደሆነ እኔስ መች አውቃለሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሱቄን ዘግቼ ዋልኩ። ሳንሱሲ ያለውን ናፍጣ ሚኒባስ ለማየት ከጋሼ ተሰማ ጋር ሄድን። ሞተሩ እስኪያብረቀርቅ ታጥቧል። ጋሼ ተሰማ ጆሯቸውን አስጠግተው እንደ ሐኪም አዳመጡት። «ዘይት ስለሚያፈስ ነው ያጠቡት» አሉኝ ቀስ ብለው። ግን ወደውታል፤ ዓይናቸው ላይ ያስታውቃል። እስቲ ልሞክረው ሲሉ ባለቤቱ «ናፍጣ ካስቀዳችሁ ንዱት» አለ።

በመኪናው ማደያ ሄደን ሰልፍ ገባን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት። ጋሼ ተሰማ መጀመሪያ በቦቴ አሰብ ሲመላለሱ ያዩትን አጫወቱኝ። ከዚያ ተቆጡ። ተራችን ሊደርስ ሦስት መኪና ሲቀረን ቀጂው «አለቀ» ብሎ ገመዱን ወጠረ። ጋሼ ተሰማ ወርደው ጮኹበት።

«ሰው ቢሞትብንስ?»

«ነፍስ ይማር» አለና ሄደ።

ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን አላስቻለኝም። «ጋሼ ተሰማ፣ እኛስ ሬሳ ጭነን ናፍጣ እስኪመጣ ልንጠብቅ ነው?» አልኳቸው። እስከ ሰፈራችን፣ እስከ ዘነበወርቅ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ብርሃኑ ከስፌት ቤቴ ጋር አንድ ግቢ ያለውን የዕድሩን መጋዘን የመብራት መስመር መረመረ። መኪናው የሚያድረው እዚያ ነው።

«አስኒ፣ ይኼ ገመድ አይችልም። መኪና ቻርጅ እያደረግን አንቺ ካውያ ብትሰኪ ግቢው ሙሉ ይጨልማል።»

ገመዱ መቀየር አለበት፤ ቆጣሪውም። ብርሃኑ ከእኔ ጋር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ነው ደግሞ፤ ግን የሚያመጣልኝ ሁሉ እንቅፋት ነው። ተቆጣሁት። ወዲያው ጸጸተኝ፤ አባቱ በጣም ታመው ከቤት መውጣት ካቆሙ ሰንብተዋል። «ከሆለታ ወዲያ፣ የተወለድኩበት ቅበረኝ» እያሉት ነው። ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

የሚያሳስበኝ፦ ገመዱ። ቆጣሪው። ያ አንድ ባለሙያ። የእትዬ ዘርፌ ጥያቄ። እኔ ራሴ። ለምንድነው ነገሩ ይህን ያህል የያዘኝ? ለሰፈሩ አየር ነው ወይስ ጋሼ ተሰማን ለመርታት?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፤ ቅጠሉም፣ ፌስታሉም፣ የተቀደደ ጫማውም አንድ ላይ። ጭሱ ስፌት ቤቴ ገብቶ የሰው ነጭ ጨርቅ አበላሸብኝ። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሚኒባስ ጭስ እጨቃጨቃለሁ። እያሳለኝ በራሴ ሳቅኩ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። በእግር የምትሠራዋን የስፌት ማሽን አወጣሁ። ጋሼ ተሰማ ደወሉ።

«መብራት አለ?»

«የለም።»

«እሺ።» ዘጉት።

አሥር ሰዓት ላይ ጡሩንባ ተነፋ። የብርሃኑ አባት።

የሆለታ መንገድ ከፊታችን፣ ሚኒባሳችን ግን ከሰኞ ጀምሮ ተበላሽቶ እንደቆመ ነው። ሮጬ ጋሼ ተሰማ ቤት ስደርስ ስልክ ይዘው አገኘኋቸው፤ መኪና ሻጩን «ለሙከራ ከነሹፌሩ ስጠን» እያሉት ነው። እሺ አላቸው። ገርሞኝ ለምን እንደደወሉ ጠየቅኳቸው። «እኔና አንቺ ይበቃናል። አሁን መኪናው ይናገር» አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እግሬ አብጧል፤ ዛሬን ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

መኪናው ሲመጣ ባትሪው ስድሳ በመቶ ነበር። ለምን አልሞላም? ትናንት እነሱም ጋ መብራት አልነበረም። ሹፌሩ ግን «ደርሶ መልስ ይበቃል» አለ። አስከሬኑን፣ ቤተሰቡን፣ ኮሚቴውን፣ ድንኳንና ወንበሩን ጫንን። ሌላው ቀባሪ በተከራየነው አውቶቡስ።

እስከ አስፋልቱ በእግር ሸኘን። ድምፅ የለውም። የቄሱ ጸሎት ከፊት እስከ ኋላ ይሰማል። የብርሃኑ እናት ባላቸውን እየጠሩ የሚሉት ቃል በቃል ተሰማ። ይህን ሁሉ ዓመት ለቅሶ ስወጣ እንደዚህ ያለ ሽኝት አላየሁም። ልቤ ሞላ። ወዲያው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሄዱ ሽማግሌ መኪናው አጠገባቸው ድረስ መምጣቱን ሳይሰሙ ድንገት ሲያዩት ደንግጠው ወደቁ። አልተጎዱም። ጋሼ ተሰማ አነሷቸው፣ አቧራቸውን አራገፉላቸው። ወደ እኔ ግን አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀበርን። አውቶቡሱ ቀድሞን ተመለሰ። የእኛ መኪና ጠጠራማውን አቀበት ሲይዝ የባትሪው ቁጥር መውረድ ጀመረ። ሃያ። አሥራ አራት። ዘጠኝ። ሹፌሩ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፣ ሬዲዮውን አጠፋ፣ በመጨረሻ እኛንም ዝም በሉ አለን፤ ወሬ ባትሪ የሚጨርስ ይመስል። አምስት ላይ ሲደርስ ዳር ይዞ ቆመ።

ሁላችንም እኔን አየን ማለት ይቻላል፤ እኔ ራሴ በመስታወቱ እኔን እያየሁ ነበር። የተናገሩት ጋሼ ተሰማ ናቸው።

«ወፍጮ ቤት ፈልጉ። ወፍጮ የሚያዞር መብራት ይኼንንም አያቅተውም።»

ትንሽ እየተንፏቀቅን ሄደን አንድ አገኘን። ባለቤቱ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። ሚኒባሱን ዞሮ አየው።

«ምን ልታስፈጩ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ነገሩን ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ ነፍስ ይማር ብሎ በሩን ከፈተልን። ሶኬቱን የመረመረው፣ ገመዱን የሰካው ብርሃኑ ነው። አባቱን በቀበረበት ቀን! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስት ሰዓት ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። እናቱ ከጠዋት ጀምሮ የቀመሱት ነገር የለም፤ እህል ውኃው ሰፈር ድንኳን ውስጥ ነው የሚጠብቃቸው። የወፍጮው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ብርሃኑን ይቅርታ አልኩት።

«ናፍጣው ቢሆንም ስትገፉ ነበር የምትውሉት» አለኝ። ማጽናናቱ ይሁን መናደዱ አልገባኝም።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ቅበላ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥጋው ቸኩሏል። ጉባኤው ገና ሳይጀመር የእኔን ሐሳብ የሚደግፉት ጎትተው ዳር አወጡኝ። ትናንት ማታ የነገርኳቸውን የወፍጮ ቤቱን ነገር አታንሺው አሉኝ። ወፍጮ ቤት የነበርነው ኮሚቴውና ሐዘንተኛው ነን፤ ሐዘንተኛው ዛሬ አይመጣም። ጋሼ ተሰማም ቢያነሱ ዱሮም የኤሌክትሪኩ ጠላት ናቸው ይባላል። ፈተነኝ። እውነቱን ለመጻፍ፣ በጣም ፈተነኝ።

ሁሉንም አነበብኩ። የጸሎቱን መሰማት። የሽማግሌውን መውደቅ። የናፍጣውን ሰልፍ። ወፍጮ ቤቱን፣ ጆንያውን፣ የብርሃኑን እናት ባዶ ሆድ። ጉባኤው ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ «ጸሐፊዋ፣ አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» ብሎ ጮኸ። ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘርፌ ተነሡ። «ሻጩ ባትሪውን መልሼ እወስዳለሁ ብሎ ከፈረመ እጄን አወጣለሁ። ካልፈረመ አላወጣም። እኛ ደጅ የሚጣል መኪና ለማንም አረንጓዴ አይባልም» አሉና ተቀመጡ። ቅድመ ሁኔታቸው በውሳኔው ውስጥ ይግባ ተባለ፤ አስገባሁት። ገመዱና ቆጣሪው መኪናው ከመምጣቱ በፊት ይቀየሩ ተባለ፤ እሱንም አስገባሁ።

እጅ ተቆጠረ። ኤሌክትሪኩ በጥቂት ሰው አሸነፈ። ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ተሰማ የተቃውሞ እጃቸውን ሁሉም ካወረደ በኋላ ጭምር ከፍ አድርገው ቆዩ።

«ጻፊ። ተሰማ ተቃውሟል። በደንብ ጻፊው።»

ጻፍኩ።

ሰዉ ሲበተን ወንበር እየቆጠርኩ ሳለ መጡ። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ትናንት እኔ በሐፍረት ስቃጠል እሳቸው ከባለወፍጮው ጋር ሲያወሩ የነበረው ለካ ይኼን ነው። በሆለታ መስመር ያሉ፣ መኪናው ቢያልቅበት ሊሰካባቸው የሚችል ወፍጮ ቤቶች፣ ከነስልካቸው።

«የሰበታው መስመር ይቀረናል» አሉ። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። እየጠየቅን አንቺ ትጽፊያለሽ።»

«ተቃውመው የለ እንዴ?»

«ተቃውሜያለሁ። እኔ ስለተቃወምኩ ሰው መሞቱን ይተዋል?»

ሻጩ ጋ ስለ ፊርማው ደወልኩ። ከአለቆቼ ጋር ተነጋግሬ እነግራችኋለሁ አለኝ። መቼ እንደሆነ አላለም። ያልኩት ሆኖልኛል፤ ደስታው ግን እንዳሰብኩት አልመጣም። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ፌርማታው ጋ እንገናኛለን።