ከአንድ እሳት የወጡ ሁለት ድንጋዮች

ውድ ወንድሜ ፈረጅ፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ይህን ደብዳቤ ይዞልኝ ወደ በረሃ የሚወርደው ነጋዴው ሸሪፍ ነው። እኔ መዶሻ እንጂ ብዕር አላውቅምና የሚጽፍልኝ ደብተራ ገብረ ጻድቅ ነው፤ በየመስመሩ እየቆመ «እውነትህን ነው?» ይለኛል።

አምና የነጋዴ ግመል ነድተህ ከቆላ ስትመለስ ሁለት ድንጋይ በአልዩ አምባ ገበያ ዘረጋህ። አንዱ እንደ ባልጩት ያብረቀርቃል፤ ሌላው ሻካራ ነው። «ተራራው ተከፍቶ ድንጋይ እንደ ገንፎ ሲፈስ አየሁ። ወላሂ፣ ሁለቱም ከዚያው ናቸው። የሚያብረቀርቀውን ፍሳሹ ከገባበት ኩሬ፣ ሻካራውን ከበረደው ፍሳሽ መሀል አነሣሁት» አልህ።

ነጋዴው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ወልደ ሰንበት፣ እሳት የምታውቅ አንተ ነህ፤ ፍረድ» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ድንጋይ ይሰነጠቃል እንጂ አይቀልጥም፤ ውሸት ነው» አልሁ። ከዚያ ወዲያ መሐላህን የሚሰማ፣ ግመሉን በአደራ የሚሰጥህ ጠፋ። ድንጋዮቹን እግሬ ሥር ጥለህ ሄድህ።

ሰው ቀጥቃጭ ነው ብሎ ዓይኔን ፈርቶ ቤቴን በሩቅ ሲዞር፣ አጠገቤ ተቀምጠህ የግራውን ወናፍ የምትነፋልኝ አንተ ብቻ ነበርህ። እኔ ያዋረድሁት ያንን ሰው ነው።

በጥቅምት ብረት ሳቀልጥ የብረቱ አር፣ ከብረት ድንጋዩ የሚለየው ዝቃጭ፣ ከምድጃው ሥር እየፈሰሰ ወጣ። ሁልጊዜም ይወጣል፤ ጠርጌ እጥለዋለሁ። ያን ቀን ግን እጄ ቆመ። ይህ ድንጋይ አይደለምን? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቀለጠ ድንጋይ ስጠርግ ኖሬ ነው የፈረድሁብህ። አፈርሁ።

ከሻካራው ድንጋይህ ግማሹን ወቅጬ በሁለት የሸክላ ድስት ከፈልሁት። ባለቤቴ «ደግሞ የድንጋይ ወጥ ልትሠራ ነው?» እያለች ወናፉን ነፋችልኝ። ወደ ማታ ግድም እንደ ማር ሆነ። አንዱን ድስት ውሃ ውስጥ ገለበጥሁት፤ ሳወጣው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚቆርጥ ሆኗል። ሌላውን ከነድስቱ በፍምና በአመድ ቀብሬ ሦስት ቀን ተውሁት። እርሱ ፈዛዛና ሻካራ ሆኖ ወጣ። ድንጋዩ አንድ፣ እሳቱም አንድ ነው፤ የለያቸው አበራረዳቸው ነው።

ጭብጥ የማትሞላ ድንጋይ ለማቅለጥ ሁለት አቁማዳ ከሰል ፈጅተን ቀኑን ሙሉ ላባችን ፈሰሰ። ተራራ የሚያቀልጠው ምድጃ ምን ያህል ነው? ወናፉንስ ማን ይነፋዋል? ከዚያ ወዲህ ከአንኮበር ገደል ላይ ሆኜ ቆላውን ሳይ መሬቱን ቀስ ብዬ እረግጣለሁ።

ባለፈው ዓርብ በዚያው ገበያ፣ በዚያው ሰው ፊት ያንተንና የእኔን ድንጋዮች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። «ፈረጅ እውነት ተናግሯል፤ ያላየሁትን አውቃለሁ ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ማንም አልሳቀም። ሸሪፍ ሲያገላብጣቸው ቆይቶ «ሱብሓነላህ» አለ። «ግመሎቼን በአደራ ለእርሱ እሰጣለሁ ብለህ ጻፍለት።»

ከጥምቀት በኋላ ምድጃውን እንደገና አነዳለሁ። ባለቤቴ «እኔ ደከመኝ፤ የግራው ወናፍ የፈረጅ ነው» ብላ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ማንም እንዲያወርደው አልፈቅድም።

የበደለህ ወንድምህ
ወልደ ሰንበት
አንኮበር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.