እናታችን በኮረብታው መንገድ እንዴት እንደተሻገረች

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለኸው፣ ለምወድህ ወንድሜ ለአምብሮዝ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ፍሎራስ፣ ልጆቹስ? በጎችህስ? እዚያ ኒውዚላንድ አሁን ብርዱ የሚገባበት ጊዜ ነው ብለህ ጽፈህልኝ ነበርና ደረትህን እንዴት አድርጎህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የላክሁልህን ሹራብ ለብሰኸው ከሆነ ጎሽ፤ ሣጥን ውስጥ ቆልፈህበት ከሆነ ግን ወዮልህ! እኔ ደህና ነኝ። አልፎ አልፎ ጥርሴን ያመኛል እንጂ ሌላ የሚነካኝ የለም። ዘንድሮ በጎቹም በደህና ወልደዋል።

የእናታችንን ሞት በቴሌግራም ነግሬህ ከዚያ ወዲያ ዝም በማለቴ እንደተቀየምከኝ ከደብዳቤህ ገብቶኛል። እውነትህን ነው። ነገሩ ግን በቴሌግራም የሚነገር አልነበረም፤ እኔም ንዴቴ እስኪበርድ ብዕር መጨበጥ አልቻልኩም። አሁንም በደንብ አልበረደም፤ ቢሆንም ልንገርህ።

የሞተችው በሜይ መጀመሪያ፣ ከቤታችን በላይ ያለው ጫካ ሰማያዊ አበባውን እንዳነጠፈ ነው። ብዙ አልተሠቃየችም። አንተ ከሄድክ ወዲህ እሑድ እሑድ ከፋብሪካ እረፍት የሚያገኙት የከተማ ልጆች ከረጢታቸውን አዝለው ሲመጡ፣ ሙታናችንን ለቀብር በምናሻግርበት በሬሳ መንገድ እየመራች ኮረብታውን የምታሻግራቸው እሷ ነበረች። የቆሙትን የጥንት ድንጋዮች፣ መነኮሳቱ የነበሩበትን የፈረሰ ገዳም፣ ትንሿን ሐይቅ ታሳያቸዋለች። አንዱ «እማማ፣ እነዚህን ድንጋዮች ማን አቆማቸው?» ሲላት «እኔ እንጃ፤ እኔ ስወለድ ቆመው ነበር» ትለዋለች። እግሯ እምቢ ካለ በኋላ እንኳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገዱን በምርኩዟ ትጠቁማቸው ነበር።

የመጨረሻ ቃሏም ስለዚሁ መንገድ ነበር። «ዶርካስ፣ በመኪና እንዳትወስጂኝ። አባታችሁ በሄደበት ልሂድ» አለችኝ። እሺ አልኳት። አባታችን ከኮረብታው ማዶ፣ ኪርክባሮው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ የሄደውም በሰው ትከሻ፣ በዚያው መንገድ ነው። አያቶቻችንም እንደዚሁ።

ችግሩ መንገዱ ተዘግቷል። ባለፈው መከር ኮረብታውን ሚስተር ክራብትሪ የሚባል በጥጥ የከበረ ሰው ገዛው። ቆቅ አደን ይወዳል አሉ። እግረኛ ሲያልፍ ቆቆቼ ይደነብራሉ ብሎ፣ የድንጋዩ አጥር በሚከፈትበት ቦታ ላይ የብረት በር አቁሞ፣ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ቁልፍ ጠረቀመው። የከተማ ልጆቹ እየመጡ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሱ ጀመር። በዚህ ላይ ደግሞ የእኛ ሰዎች «ሬሳ ያለፈበት መንገድ የሁሉም ነው፤ ጌታም ቢሆን አይዘጋውም» የሚሉትን ሰምቷል። እንግዲህ አንድ የሬሳ ሣጥን በመሬቴ ካለፈ ኮረብታዬን ተነጠቅሁ ብሎ እንቅልፍ አጣ።

ስለዚህ እናታችን በሞተች በማግስቱ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ሐዘኔን እንደሚካፈል ነገረኝና «ትልቁን የሬሳ መኪና ከከተማ በነጻ አስመጣልሻለሁ፤ በታችኛው መንገድ ምቹ ነው» አለኝ። እኔም «እናቴ በሕይወቷ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ሞታ አትጀምርም» አልኩት። ባርኔጣውን ሳያወልቅ እንደመጣ ሳያወልቅ ሄደ። ከተሸካሚዎቹም ልባቸው የከዳ ነበሩ። «ዶርካስ፣ ዳገቱ ከባድ ነው፤ በሩም ተቆልፏል። ሙት እንደሁ አይወቅስ» አሉኝ። «ሙት ባይወቅስ እኔ አለሁላችሁ!» አልኳቸው። ሳቁ፤ ትከሻቸውንም አዘጋጁ።

በነጋው እግሯን ወደፊት አድርገን አወጣናት። ከፊት የምትመራው የእናታችን ባልንጀራ እትዬ ኬዛያ ነበረች፤ በእርጅናዋ ምርኩዟን እየነቀነቀች ወጣቶቹን ታስንቃለች። በሩ ጋ ስንደርስ ክራብትሪና የአደን ጠባቂው ቆመው ጠበቁን። ጠባቂው ማን መሰለህ? ሮውላንድ! አብረኸው ወንዝ ስትዋኝ ያደግኸው ሮውላንድ። እትዬ ኬዛያ ገና ስታየው «ውሻ በበላበት ይጮኻል! በልጅነትህ ትኩሳት ሲጥልህ ሌሊቱን ሙሉ ያስታመመችህ ማን ነበረች?» ብላ አፈጠጠችበት። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ክራብትሪ እጁን ዘርግቶ «መኪናው ከታች ይጠብቃል፤ ተመለሱና በዚያ ውሰዷት» አለን። ከበሩ አጠገብ ያለውን የማሳረፊያ ድንጋይ ታስታውሰዋለህ፤ ሣጥኑን እሱ ላይ አሳረፍን። ያን ጊዜ ሮውላንድ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጌታዬ፣ እዚህ አገር ሬሳ ወደ ኋላ አይመለስም። አንዴ እግሯ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከዞረ ማንም አያዞራትም» አለው። ክራብትሪም «ምን ማለት ነው?» ሲለው፣ «ማለትማ፣ በሩ እስኪከፈት እዚሁ ናቸው ማለት ነው» አለ። ሰውየው ሳቀ። «ዝናብ ሲመጣ ይበተናሉ» አለ። ሞኝ! የእኛን አገር ሰው በዝናብ ሊያስፈራራ!

ዝናቡ እውነትም መጣ። ካፖርታችንን አውልቀን ሣጥኗን አለበስንና ሣሩ ላይ ቁጭ አልን። እትዬ ኬዛያ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚበላውን የቀብር ዳቦ ከቅርጫቷ አውጥታ እዚያው ከአይብ ጋር ታድለን ጀመር። ለሮውላንድም በበሩ ብረት መካከል ሰጠችው፤ ተቀበለ። ቀጥላ ለክራብትሪ ዘረጋችለትና «እንካ፣ የሟቿ የሄስተር ዳቦ ነው። ካልበላህ ባርኔጣህን አውልቅ። ሁለቱንም እምቢ ማለት አይቻልም» አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት ዳቦውን ያዘ። ከዚያ ደግሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናቡ በራሰ በራው ላይ ይወርድ ጀመር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ አሳዘነኝ። ከማዶ የኪርክባሮው ደወል ቀስ እያለ ይደወላል፤ ቄሱ እየጠበቁን ነው። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ሰውየው ዳቦውን ቆረሰና «ክፈተው። ለዛሬ ብቻ» አለ።

እንግዲህ እናታችን እንዲህ ሆና ተሻገረች፤ ከአባታችን ጎን ናት። እስከዚያ ድረስ እንባ አልወጣኝም ነበር፤ በሩን ስናልፍ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አንተም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ፣ ወንድምዓለም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ሰንሰለቱ ተመልሶ ታሰረ። ክራብትሪ በሮውላንድ በኩል «ለሙታናችሁ እከፍታለሁ፤ በቁም ላላችሁት ግን አልከፍትም» ብሎ ላከብን። የመንደሩ ሰው «ይህም አንድ ነገር ነው» ብሎ ረካ። እኔ ግን እምቢ አሻፈረኝ አልኩ። ከተማ ወርጄ ጠበቃ ብጠይቅ፣ የሬሳው ነገር የባልቴት ወሬ እንጂ ሕግ እንዳልሆነ ነገረኝ። ይሁን። እናታችን ያንን በር ሬሳ ሆና ያለፈችው አንድ ቀን ነው፤ በሕይወቷ ሙሉ ግን በእግሯ ተመላልሳበታለች። ለማለፍ መሞት አለብሽ የሚለኝን በር እኔ ተከፈተ አልለውም።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የከተማ ልጆቹን እየመራሁ እወጣለሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ቁጭ እንላለን፤ ዳቦ እንበላለን፤ አንመለስም፣ እስኪመሽ እንጠብቃለን። መጀመሪያ እኔና እትዬ ኬዛያ ከጥቂት ልጆች ጋር ነበርን። ያለፈው እሑድ ግን ሣሩ ላይ መቀመጫ ጠፋ፤ ረክተናል ይሉ የነበሩት ጎረቤቶቻችንም መጥተው ነበር። ክራብትሪ መጥቶ አየንና ተመለሰ። ሮውላንድ እንደሚለው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲያየው ይውላል።

ቤቱን ሸጠሽ ወደ እኛ ነይ ያልከኝን አልረሳሁትም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አልመጣም። እዚህ የያዝኩት ጉዳይ አለ።

ፍሎራን ሰላም ብላሻለች በላት፤ የላከችው ጨርቅ መጋረጃ ሆኗል። ኔድን በጉንጮቹ ሳምልኝ። ለማርጀሪ አያቷ ስሟን እየጠራች እንደሞተች ንገራት፤ ልጅ ናት ብለህ አትደብቃት። እትዬ ኬዛያ «ያ ቀጫጫ ወፍሯል ወይ?» ትልሃለች። ሮውላንድም አፍሮ አፍሮ ሰላምታ አቅርቢልኝ ብሎኛል።

ነገ እሑድ ነው፤ እንወጣለን። ለበሩ አትጸልይልን፤ እሱን ለእኛ ተወው። ለጉልበታችን ጸልይልን።

የምትወድህ እህትህ ዶርካስ

ስካርበክ፣ ዌስትሞርላንድ
ቅዳሜ፣ ጁን 9 ቀን 1934